በአሰላለፍ የተነሣ ጠብ፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን (ተጫዋቾች ገፀ ባሕርይ ይዘው መሪው በሚተርከው ታሪክ ውስጥ በዳይስ የሚጫወቱትን ጨዋታ) የምትመሩ ከሆነ፣ ከዘንዶው ይልቅ የሚያደክማችሁ በገፀ ባሕርይው ወረቀት ራስጌ ላይ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፦ አሰላለፍ፣ ማለትም ገፀ ባሕርይው ከደግና ከክፉ፣ ከሥርዓትና ከትርምስ የየትኛው ወገን እንደሆነ የምትናገረው። ጨዋታው በሰላም ሲሄድ ማንም አያያትም። ጠብ ሲነሣ ግን ሁሉም ጣቱን እሷ ላይ ያደርጋል።

ከሁሉ አስቀድሞ ተጫዋቾቹ በአእምሯቸው የያዙት የትኛውን እትም እንደሆነ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን ሲያወጡ አሰላለፎቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፦ ሥርዓት፣ ገለልተኝነትና ትርምስ። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መመሪያ የደግና የክፉን መስመር በሥርዓትና በትርምስ ላይ አቋርጦ ዘጠኝ አደረሳቸው። አራተኛው እትም በ2008 ወደ አምስት ዝቅ አደረጋቸው፤ አምስተኛው በ2014 ዘጠኙን መለሳቸው፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጉልበታቸውን ወስዶባቸዋል። ስለዚህ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ አራት ሰዎች አንዱን ቃል እየጠሩ ስለ አራት የተለያዩ ሕጎች ሊከራከሩ ይችላሉ።

ምልክት፦ «ምን ላድርግ፣ ገፀ ባሕርዬ እንዲህ ነው!»

ሌባው ጓደኞቹ ሲተኙ የተዋጊዋን የፈውስ መድኃኒት ከከረጢቷ አውጥቶ ይሸጣል። በማግስቱ ተዋጊዋ ቆስላ ትወድቃለች፤ ከረጢቷ ባዶ ነው። ሁሉም ወደ ሌባው ሲዞር እሱ ወረቀቱን ወደ መሀል ገፋ አድርጎ «ትርምስ ገለልተኛ» የሚለውን በጣቱ ይነካል። ይህ እኔው ጠረጴዛ ላይ የደረሰ ነው።

መንስኤው በከፊል የቆየ እትም ነው። በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም ትርምስ ገለልተኛን ከእብደት ጋር አጎራብቶ ስለገለጸው፣ ያንን ያነበበ ወይም ካነበበ ሰው የሰማ ተጫዋች በዘፈቀደ መበጥበጥን እንደ ግዴታ ይቆጥረዋል። ዋናው መንስኤ ግን ሌላ ነው፦ ተጫዋቹ ወረቀቱን ዋስ አድርጎ ጠርቶታል። ያንን ቃል የጻፈው እሱ ራሱ ነው፤ እጁን የያዘው ሰው የለም።

ብዙ መሪዎች እዚህ ላይ የሚሠሩት ስሕተት ቅጣቱን በታሪኩ ውስጥ መፈለግ ነው። ወታደሮች ይይዙታል፣ መብረቅ ይወርድበታል። አያዋጣም፤ ሌባው ያንን እንደ ጀብዱ ይቆጥረዋል፣ መድኃኒቷን ያጣችው ተጫዋች ደግሞ እንደ ተናደደች ትቀራለች። ጨዋታውን አቁሙና ለገፀ ባሕርይው ሳይሆን ለሰውየው ተናገሩ፦ «ይህ ሰው ከእነዚህ ጋር ለምን ይጓዛል?» መልሱን ከአሰላለፉ ሥር በአንድ መስመር ይጻፈው። የእኛው ሌባ ትንሽ አጉረመረመና «ተዋጊዋ ከወንዝ አውጥታኛለች» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀን በኋላ መስረቁን አልተወም፤ የሚሰርቀው ግን የሌላ ሰው ነው።

ምልክት፦ ደጉ ፓላዲን (በመሐላ የታሰረ ተዋጊ) የሚያሳፍር ነገር ሠርቶ «ሕግ ነው» ይላል

በአማርኛ የምንጫወት ሰዎች ይህ ችግር ይጸናብናል፤ የፈጠርነው በትርጉም ነውና። ከአምባገነን መስፍን ያመለጠ ቤተሰብ ጎተራ ውስጥ ተደብቋል። የመስፍኑ ፈረሰኞች ይደርሳሉ። ወረቀቱ ላይ «ሕግ አክባሪ ደግ» የተጻፈለት ፓላዲን ትንሽ ያስብና ጎተራውን ይጠቁማል፤ የአገሩ ሕግ ያዝዛላ! ተጫዋቹ ክፉ መሆን ፈልጎ አይደለም። ቃሉን እንደ ተጻፈ ታዝዞ ነው።

መንስኤው «ሕግ አክባሪ» የሚለው አባባላችን ነው፤ የሚያስታውሰን ፖሊስንና ደንብ አስከባሪን ነው። በጨዋታው ውስጥ ግን የሥርዓት ወገን መሆን ማለት በታመነበት መርሕ፣ በመሐላ፣ በወግ መኖር ማለት ነው። መሐላው ደካማን መጠበቅ ከሆነ፣ የመስፍኑ አዋጅ ምንም ማኅተም ቢኖረው ከመሐላው በታች ነው።

በትርምስ ወገን ያለው የትርጉም ችግር ይብሳል። «ሥርዓት የሌለው» ማለት በእኛ አገር እናት ባለጌ ልጇን የምትቆጣበት ቃል ነው። «ሥርዓት የለሽ ደግ» ብላችሁ ስትጽፉ ተጫዋቹ ገና ከመጀመሪያው ስድብና ምስጋና በአንድ ላይ ይደርሰዋል፤ የትኛውን እንደሚጫወት ግራ ይገባዋል። «ሥርዓት አልበኛ» ማለትማ ሱቅ ሲሰበር ዜና ላይ የምንሰማው ነው።

ስለዚህ ቃሎቹን ቀይሩ። እኔ ለመጀመሪያው «ቃሉን ጠባቂ»፣ ለሁለተኛው «ልቡን ተከታይ» እላለሁ። «ልቡን ተከታይ ደግ» ሲባል ባለጠጋውን ዘርፎ ለድሃ የሚያካፍለው ሽፍታ ወዲያው ፊታችሁ ይቆማል፣ ማብራሪያም አይጠይቅም። የተሻለ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ብቻ ከፍርድ ቤትና ከፖሊስ ጣቢያ የመጣ ቃል አይሁን።

ምልክት፦ ፓላዲኑ በአንድ ድርጊት ኃይሉን አጣ፣ ተጫዋቹም ተነሥቶ ሄደ

በሦስተኛው እትም ፓላዲን ቃሉን ጠባቂ ደግ መሆን ግዴታው ነበር፤ አውቆ አንድ ክፉ ድርጊት ከፈጸመ ኃይሉን ሁሉ ያጣል። ይህ ሕግ ለመሪዎች መጥፎ ልማድ አስተማረ፦ ምርኮኛ ጎብሊኖችን (ትናንሽ ጭራቆችን) ከነሕፃናታቸው ፓላዲኑ ፊት አቁሞ፣ ቢገድልም ቢለቅም የሚወድቅበትን ወጥመድ ማጥመድ። አምስተኛው እትም ፓላዲንን ከአሰላለፍ ፈትቶ በመሐላ ብቻ አሰረው፤ ቢሆንም ወጥመዱ አሁንም ይጠመዳል።

መፍትሄው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ዳይሱ ከመወርወሩ በፊት «ይህ መሐላህን የሚያፈርስ ይመስለኛል፤ ትቀጥላለህ?» በሉት። ገፀ ባሕርይው ለዓመታት ከመሐላው ጋር ኖሯል፤ ተጫዋቹ ግን ያስታወሰው ትናንት ማታ ነው። እያወቀ ከቀጠለ ውድቀቱ የራሱ ታሪክ ይሆንለታል፤ ሳያውቅ ከወደቀ ተንኮላችሁ ብቻ ነው የሚታየው።

ምልክት፦ ክፋትን የሚለይ አስማት ምስጢሩን ሁሉ ገለጠ

ነፍሰ ገዳዩ ከእራት ተጋባዦቹ አንዱ ነው። ክሌሪኩ (የአምላክ አገልጋይ የሆነው አስማተኛ) ገና ሾርባው ሳይቀርብ አስማቱን ሠርቶ ከንቲባውን ይጠቁማል። መመሪያውን ክፈቱ፦ በቀድሞ እትሞች አስማቱ በእርግጥ ክፋትን ያሸት ነበር። በአምስተኛው ግን የሚለየው እንደ አጋንንት፣ ሰማያውያንና ከመቃብር የተነሡ ሙታን ያሉ የፍጥረት ዓይነቶችን ነው፤ ያውም በ9 ሜትር ገደማ ርቀት ውስጥ። ከንቲባው የቱንም ያህል ክፉ ቢሆን ሰው ነው፣ አይታወቅም። በአሮጌው እትም የምትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ከተጋባዦቹ ሦስቱን ክፉ አድርጓቸው፤ ስስታም ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይደለም።

አነስ ያሉ ምልክቶች

ገለልተኛው ድሩይድ (የተፈጥሮ ካህን) በውጊያ መሀል ወገን ይቀይራል? ሁለተኛው እትም ራሱ ነው ያስተማረው፤ ከክፉ ኖሎች (የጅብ መልክ ካላቸው ጭራቆች) ጋር የሚዋጋ ድሩይድ፣ ኖሎቹ ሊጠፉ ሲቃረቡ ወደ እነሱ ሊዞር እንደሚችል ጽፏል። እንደ ሐሳብ ያምራል፣ አጠገቡ ለሚዋጋው ግን ክዳት ነው። ገለልተኛነትን «የማያገባውን የማይነካ» ብላችሁ አጥብቡት።

«ኦርክ ስለሆነ ግደለው» የሚል፣ ማለትም ክፉ ተብሎ የተጻፈ የጭራቅ ዘር ስለሆነ ብቻ የሚፈርድ ካለ፣ በ2014 የወጣው የጭራቆች መመሪያ መግቢያ የተጻፈው አሰላለፍ መነሻ ብቻ እንደሆነና መሪው ሊቀይረው እንደሚችል ይናገራል። አንድ የሚያነክስ፣ ውኃ የሚለምን ኦርክ አስገቡ፤ ክርክሩን እሱ ይጨርስላችኋል።

ሁሉም ካልሠራ

መስመሯን ሰርዙ። ፓዝፋይንደር የተባለው ተመሳሳይ ጨዋታ በ2023 በታደሰው ሁለተኛ እትሙ አሰላለፍን ጨርሶ አውጥቶ፣ ገፀ ባሕርይው «የሚያደርገው» እና «ፈጽሞ የማያደርገው» በሚሉ ዝርዝሮች ተክቶታል። በ2014ቱ አምስተኛ እትም ብትሰርዙት የሚጎድለው ጥቂት ነው፦ አንዳንድ አስማታዊ ዕቃዎችና ራክሻሳ። ይህ ነብር ራስ ያለው ጭራቅ በተለይ የሚጎዳው ደግ ፍጡር በሚይዘው፣ በሚወጋ አስማታዊ መሣሪያ ነው። እኛ ጋ አሰላለፍ ከተሰረዘ በኋላ ራክሻሳው መጣ፤ የቀረችው አስማታዊ ፍላጻ አንዲት ናት። ደጉ ማነው? መፍረዱን ለተጫዋቾቹ ተውኩላቸው። ተዋጊዋ ብዙም ሳታስብ ፍላጻዋን አንሥታ ለሌባው ሰጠችው።