ሲሞቅ የሚጠፋ ናይትሮ በጊ፦ ችግሩ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ናይትሮ በጊ በሪሞት የሚነዳ፣ ሜታኖል ያለበት ነዳጅ የሚጠጣ ትንሽ መኪና ነው። ነዳጅ አለው፣ ካንዴላው ይግላል፣ የሪሞቱም ባትሪ ሙሉ ነው። ይህን አይታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ሲሞቅ ይጠፋል

እዚህ ጎጃም ከሚመጡልኝ በጊዎች አብዛኞቹ ችግራቸው ይኸው ነው። ጠዋት በአንዴ ይነሳል፤ አንድ ታንክ ነዳጅ ሳይጨርስ ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው ቆሞ ሲሠራ፣ ቀጥ ይላል። ባለቤቱ ካርቡራቶሩን ሲነካካ ይውላል። ካርቡራቶሩ ምንም አላጠፋም። ሞተሩን የጨረሰው አቧራ ነው።

የእነዚህ ትናንሽ ሞተሮች ፒስተን ቀለበት የለውም። ሲሊንደሩ ወደ ላይ በጥቂቱ ይጠባል፤ ኮምፕሬሽኑ የሚገኘው ከዚያች ጥበት ነው። ቀዩ አፈራችን ይህችን ጥበት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃታል። ከዚያ ሞተሩ ሲሞቅ ሲሊንደሩ ይሰፋል፣ የተረፈችው ኮምፕሬሽንም ትሄዳለች።

ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ካንዴላው እንደተገጠመ፣ ፍላይዊሉን በእጅ አዙሩት። ጤነኛ ሞተር ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ያዝ ያደርጋል። ያለ ምንም ትግል ከዞረ አልቆለታል። ፒስተኑና ሲሊንደሩ አብረው ይቀየራሉ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

ከሞጣ በኩል የመጣ አንድ ልጅ አዲስ ሞተር አስገጥሞ ሄደ፣ ብዙም ሳይቆይ ይዞት ተመለሰ። የት ነው የነዳኸው ስለው አውድማ ላይ አለኝ። ጤፍ ከተወቃ በኋላ አውድማ ደልዳላ ነው፣ ለመንዳት ይመቻል። እብቁ ግን ከአቧራም ይብሳል። የአየር ፊልትሮውን ሳወልቀው ስፖንጁ ደረቅ ነው፤ የላስቲኩ አንገት ውስጥ ደግሞ ቀጭን ቀይ መስመር ተሰምሯል። ማሰሪያው ስለላላ በጎን ሲገባ ኖሯል። ያን መስመር ካያችሁ ሞተሩ አፈር እየበላ ነው።

ደረቅ ስፖንጅ ደቃቅ አቧራ አይዝም! መጀመሪያ በላምባ፣ ቀጥሎ በሳሙናና በውሃ እጠቡት። በደንብ ይድረቅ። ከዚያ ፌስታል ውስጥ ከተቱትና የፊልትሮ ዘይት አፍስሳችሁ ቀለሙ እኩል እስኪሆን እሹት። የአንገቱን ከንፈር ግሪስ ቀቡና በፕላስቲክ ማሰሪያ ጥብቅ አድርጉት። በበጋ በየሁለት ሦስት ታንኩ በንጹሕ ቀይሩት። በኮምፕሬሰር ነፍቶ መልሶ መግጠም ራስን ማታለል ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ፊልትሮውን እዩ። ስፖንጁ ድርብ፣ አንገቱ ወፍራም ላስቲክ ይሁን። መለዋወጫ ፒስተንና ሲሊንደር የማይገኝለትን ሞተር በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። ለውድድርም ለጨዋታም 1/8 መጠን (የእውነተኛ መኪና አንድ ስምንተኛ)፣ 3.5 ሲሲ ሞተር ያለው ይበቃል።

ደብረ ማርቆስ ላይ የሚጨስ፣ ባሕር ዳር ላይ የሚግል

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ዳር 600 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ይጨሳል፣ ይሰንፋል። ነዳጁን የምትመጥነውን የካርቡራቶሩን ዋና መርፌ ትንሽ አጥብቁ። ባሕር ዳር ስትመለሱ ግን መርፌዋን መልሳችሁ ሳትፈቱ እንዳትነዱ! ዘይቱ ያለው ነዳጁ ውስጥ ነው፤ ነዳጅ ሲያንስ ዘይትም ያንሳል። የሞተሩ ራስ ከ100 እስከ 125 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ከጠፋ ወዲያው አቁሙ።

ሌሎቹ

ቆሞ እያለ ወደፊት የሚጎትት፦ የፍሪሲዮኑ ስፕሪንግ ተሰብሯል ወይም ሚኒሞው በዝቷል።

በየዝላዩ ክንዱ (ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው) የሚጣመም፦ ሻጮች "ሁሉ ነገሩ አሉሚኒየም ነው" ሲሉ አትደሰቱ። ናይሎን ክንድ ተለጥጦ ይመለሳል፤ አሉሚኒየም ተጣሞ ይቀራል። ሻንሲው ግን አሉሚኒየም ይሁን።

ጋዝ እንደያዘ የሚሸሽ፦ የሪሲቨሩ (መኪናው ላይ ሆኖ የሪሞቱን ሲግናል የሚቀበለው) ባትሪ ደክሟል ወይም ሲግናል ተቋርጧል። ሲግናል ሲጠፋ በራሱ ፍሬን እንዲይዝ የሪሲቨሩን ፌልሴፍ አስተካክሉ፤ ካርቡራቶሩ ላይም መመለሻ ስፕሪንግ ግጠሙ። ይህን ሳታደርጉ ሕጻናት ባሉበት አታስነሱት። ከሦስት ኪሎ በላይ የሚመዝን ነገር በዚያ ፍጥነት እግር ይሰብራል።

በክረምት የሚያስቸግር ነዳጅ፦ ነዳጁ ውስጥ ያለው ሜታኖል እርጥበት ይስባል፣ ክዳኑን ወዲያው ግጠሙ። በውሃ ሃይላንድ በፍጹም አትቅዱት! ቀለሙ ጁስ ይመስላል፣ የጠጣውን ሰው ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። እሳቱም በቀን ብርሃን አይታይም።