ካሜራውን ሳትዘረጉ ፎቶውን መወሰን፦ ማያ ፊልተር እና የመስክ ዕቃ ለጥቁርና ነጭ ላርጅ ፎርማት

የላርጅ ፎርማት (በትልልቅ ነጠላ ፊልም የሚያነሳ) ካሜራ ክብደት ይለመዳል። የማይለመደው ሌላ ነው። ካሜራውን ከቦርሳ አውጥታችሁ፣ ትራይፖድ ላይ አስራችሁ፣ ጥቁር ጨርቅ ተከናንባችሁ፣ ሩብ ሰዓት ከፈጃችሁ በኋላ "ኧረ ይሄ ፎቶ አይወጣውም" ስትሉ ያናድዳል። ስለዚህ ውሳኔው ካሜራው ገና ቦርሳ ውስጥ እያለ ማለቅ አለበት። ለዚህ የሚበቁት ሁለት ቀላል ነገሮች ናቸው፦ መሃሉ የተቆረጠ ካርቶንና ትንሽ ማያ ፊልተር (ያያችሁት ነገር በጥቁርና ነጭ ምን እንደሚመስል ለመገመት በዓይን የሚታይበት ባለቀለም ፊልተር)። የምጠቅሰው ልክ ለ4 በ5 ኢንች ፊልም ነው፤ ለሌላ መጠን ቁጥሩን ብቻ ቀይሩት።

1. ካርቶኑን ቁረጡ

ጠንከር ያለ ጥቁር ካርቶን ፈልጉና መሃሉን 9.5 በ12 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ፊልሙ ላይ ምስሉ የሚያርፈው በዚህ ስፋት ነው፤ ዳር ዳሩን የፊልም መያዣው ይሸፍነዋል። ከዚያ ካርቶኑ ላይ ቀጭን ገመድ እሰሩ፣ ገመዱ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሌንስ አንድ አንድ ቋጠሮ። ሂሳቡ ቀላል ነው። ካርቶኑ ከዓይናችሁ የሚርቀው ሌንሱ ላይ በተጻፈው ሚሊ ሜትር ልክ ነው፦ ለ150 ሌንስ 15 ሴንቲ ሜትር፣ ለ210 ሌንስ 21፣ ለ300 ሌንስ 30።

ቋጠሮውን ከዓይናችሁ ስር ጉንጫችሁ ላይ ያዙ፣ ገመዱን ወጥሩ፣ አንድ ዓይን ጨፍኑ። በካርቶኑ የምታዩት ሌንሱ የሚያየውን ነው። ለ90 ሌንስ ካርቶኑ በጣም ስለሚጠጋ ጠርዙ ይደበዝዛል፣ ግን ያሠራል። አሁን ዙሩ፣ ቁጭ ብላችሁም ተነስታችሁም እዩ፣ አምስት እርምጃ ወደ ግራ ሂዱ። ትራይፖድ ተሸክሞ ይህን ሁሉ መሞከር የሚፈልግ ሰው የለም።

2. ማያ ፊልተሩን ተጠቀሙበት፣ ግን ለአፍታ ብቻ

የታወቀው ማያ ፊልተር ኮዳክ ራተን ቁጥር 90 የሚባለው ነው። ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ ወደ ግራጫ የሚያደላ ቡናማ ቢጫ ነው። ሌንስ ላይ አይገባም፤ ለዓይን ብቻ ነው። ሥራው ቀለሞችን እርስ በርስ አቀራርቦ የብርሃንና የጥላ ልዩነቱን ብቻ ማስቀረት ነው። ቀይ አበባ በአረንጓዴ ቅጠል መሃል ለዓይን ይጮሃል፤ በፊልተሩ ስታዩት ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ይዋሃዳሉ። ያኔ ያማረባችሁ ቀለሙ ብቻ እንደነበር ይገባችኋል፣ ሄዳችሁ ሌላ ትፈልጋላችሁ። ፊልተሩ ስለሚያጨልም ጥልቅ ጥላዎችንም ይደፍናል። ይሄም ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ዓይናችን ጥላ ውስጥ ከፊልም ይልቅ ብዙ ያያል።

አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይዘነጋል፦ በፊልተሩ አፍጥጦ መቆየት አይሠራም። ዓይን በጥቂት ሰከንድ ይለምደውና ቀለሞቹ ተመልሰው መለየት ይጀምራሉ። አንሱ፣ እዩ፣ አውርዱ። እንደገና ከፈለጋችሁ ትንሽ ቆይታችሁ አንሱ።

ለዚህ ትልቅ ፊልተር መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ጄል (ስስ የፊልተር ቅጠል) በድሮ የስላይድ ፍሬም ውስጥ ብታስገቡት ይበቃል። ጄል የጣት አሻራና እርጥበት አይወድም፣ ጠርዙን ብቻ ያዙ።

3. የሌንስ ፊልተሩን እዚያው ምረጡ

ማያ ፊልተሩ ሁለት ነገሮች መዋሃዳቸውን ይነግራችኋል፤ የሚለያያቸው ደግሞ የሌንሱ ፊልተር ነው። ደንቡ አጭር ነው፦ ፊልተር የራሱን ቀለም ያነጣል፣ ተቃራኒውን ያጠቁራል። ቢጫው ቁጥር 8 ሰማዩን በልኩ ያጠቁራል፣ 1 ስቶፕ ይወስዳል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው)። አረንጓዴው ቁጥር 11 ቅጠሉን ያፈካል፣ 2 ስቶፕ። ቀዩ ቁጥር 25 ሰማዩን በጣም ያጠቁራል፣ የሩቁንም ጭጋግ ይገፋል፣ ዋጋው 3 ስቶፕ ነው። ብርቱካናማው በቢጫውና በቀዩ መሃል ይቀመጣል። ለመምረጥ ሲቸግራችሁ እነሱንም እንደ ማያ ፊልተሩ ወደ ዓይናችሁ አምጡና ቅጠሉ ከአበባው በየትኛው እንደሚለይ እዩ።

በእኔ አስተያየት ቀዩ ፊልተር ከሚገባው በላይ ይወደዳል። በፀሐያማ ቀን ጥላው የሚበራው ከሰማዩ በሚመጣ ሰማያዊ ብርሃን ነው፣ ቀዩ ደግሞ ሰማያዊን ይቆርጣል፣ ስለዚህ ሰማዩን አሳምራችሁ ጥላውን ድፍን ጥቁር ታደርጉታላችሁ። ደመና የሸፈነውን ሰማይ ደግሞ የትኛውም ባለቀለም ፊልተር አያጠቁረውም፣ ግራጫ ውስጥ የሚቆረጥ ሰማያዊ የለማ። ለጀማሪ ቢጫና ብርቱካናማ ይበቃሉ።

4. ቦርሳው ውስጥ ምን ይግባ

ሎፕ (ፎከስ ማያ አጉሊ መነጽር)፣ የሹተር ገመድ (ካሜራውን ሳትነኩ የምታነሱበት)፣ ላይት ሜትር (የብርሃን መለኪያ)፣ ሜትር ወይም ማስመሪያ፣ ማስታወሻ ደብተር። ጥቁሩ ጨርቅ ውጪው ነጭ ቢሆን ፀሐይ ላይ አያቃጥላችሁም፣ ጫፎቹ ላይ ክብደት ብትሰፉበት ደግሞ ነፋስ አይጫወትበትም። የፊልም መያዣዎቹን በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ለየብቻ አስቀምጡ። ፊልሙ ላይ ያረፈች አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብርሃን ትከልላለች፣ ኔጋቲቩ ላይ ባዶ ነጥብ ትተዋለች፣ ወረቀቱ ላይ ጥቁር ሆና ትወጣለች። ነጭ ነጥብ በቀለም ይሸፈናል፣ ጥቁሩን ማጥፋት ግን ፈተና ነው።

5. አሁን ካሜራውን ዘርጉ

ትራይፖዱን ካርቶኑን የያዛችሁበት ቦታ ላይ፣ ሌንሱ በዓይናችሁ ከፍታ እንዲሆን አቁሙ። ይሄ ካልተጠበቀ እስካሁን ያያችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ሌንሱን ክፈቱ፣ ፎከስ አድርጉ፣ ፊልተሩን አድርጋችሁ ደግሞ ፎከሱን በሎፕ አረጋግጡ። ከካሜራው ጀርባ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ ምስሉ ተገልብጦ ነው የሚታየው፤ ይለመዳል።

ከዚያ ልኬት። ዝርዝሩ እንዲታይ የምትፈልጉትን ጨለማ ቦታ በስፖት ሜትር (ትንሽ ቦታ ብቻ ነጥሎ በሚለካ ላይት ሜትር) ለኩ። ሜትሩ ሁሉን ነገር መካከለኛ ግራጫ ሊያደርግ ስለሚሞክር 2 ስቶፕ ቀንሱለት። ለምሳሌ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 22 ላይ ሆኖ ሜትሩ ለጥላው 1 ሰከንድ ካለ፣ የእናንተ ሩብ ሰከንድ ነው። ቢጫ ፊልተር ካለ ግማሽ ሰከንድ፣ ቀይ ካለ 2 ሰከንድ። ከ1 ሰከንድ ሲያልፍ ብዙ ፊልም ብርሃን መቀበል ስለሚያዳግተው በፋብሪካው ሠንጠረዥ መሠረት ጊዜ ጨምሩ። ልኬቱን ያለ ፊልተር ወስዳችሁ በኋላ ብትደምሩ ይሻላል፤ ሜትር በቀይ ፊልተር ውስጥ ሲለካ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ቅርብ ነገር የምታነሱ ከሆነ ማስመሪያው የሚወጣው እዚህ ጋ ነው። ከሌንሱ እስከ መስታወቱ ያለውን ርቀት ለኩ፣ ለሌንሱ ቁጥር አካፍሉ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ። 150 ሌንስ እስከ 210 ሚሊ ሜትር ከተዘረጋ 1.4 ይመጣል፣ በራሱ ሲባዛ 2 ገደማ፤ ማለትም 1 ስቶፕ ጨምሩ።

የቀረው ቅደም ተከተል ነው፣ በፍጹም አይቀየርም፦ ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 22 አጥብቡ፣ ሹተሩን ዝጉ፣ ወጥሩት፣ መያዣውን አስገቡ፣ ዳርክ ስላይዱን (ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለውን የመያዣውን ክዳን) አውጡ፣ ነፋሱ እስኪያርፍ ጠብቁ፣ አንሱ። ስላይዱን ስትመልሱ ጥቁሩ ጎን ወደ ውጭ ይሁን፤ ነጩ ያልተነሳ፣ ጥቁሩ የተነሳ ማለት ነው። ፊልተሩንና ልኬቱን ደብተሩ ላይ ጻፉ። ብርሃኑ ካልተቀየረ መያዣውን ገልብጡና በጀርባው ያለውን ሁለተኛ ፊልም በዚያው ልኬት አንሱ፤ የመጀመሪያው ታጥቦ ኮንትራስቱ ከበዛ ወይም ካነሰ የሁለተኛውን የእጥበት ጊዜ ታስተካክላላችሁ።