ትራንስክሪፕቱ «2014» ይላል፦ ትምህርት ቤትና ቋንቋ ለቀያየረ ልጅ የትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ

የእህቴ ልጅ ሜሪላንድ የደረሰችው 11ኛ ክፍል ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ወረቀቶቿን ይዘን ካውንስለሯ (የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች አማካሪ) ቢሮ ገባን። ካውንስለሯ የ9ኛ ክፍሉን ትራንስክሪፕት (የውጤት ወረቀት) አየችና ግራ ተጋባች። ወረቀቱ 2014 ይላል። «በ2014 እኮ የ7 ዓመት ልጅ ነበርሽ» አለቻት። ልጅቷ ዞራ እኔን አየችኝ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ወረቀቱ ላይ ስለ እኛ ዘመን አቆጣጠር የሚያስረዳ አንዲት መስመር የለችም።

ይህን የምጽፈው በዲቪም ይሁን በቤተሰብ አሜሪካ ለገባችሁና ሀይስኩል ውስጥ ልጅ ላላችሁ ነው። «ሃርቫርድና ፕሪንስተን ለእኛ ልጆች አይደለም» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። አትስሙት። ሦስት ትምህርት ቤትና ሁለት ቋንቋ መቀያየር ልጁን አይጥለውም። የሚጎዳው ማንም ያላብራራው ፋይል ነው። ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ልጁ የመጣበትን ትምህርት ቤት አያውቅም፤ የሚያውቀው እናንተ የነገራችሁትን ብቻ ነው።

ከወረቀቱ እንጀምር። በእያንዳንዱ የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕት ላይ ያለው ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑና በፈረንጆቹ ስንት እንደሆነ መጻፍ አለበት። 2014 ማለት ከመስከረም 2021 እስከ 2022 ክረምት ያለው የትምህርት ዘመን ነው። የልደት ቀንም ያው ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ስም ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ትራንስክሪፕቱ የልጁንና የአባቱን ስም ብቻ ይዞ ፓስፖርቱ አያትን ጨምሮ ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የአንዲት ፊደል ልዩነት እንኳ ሁለት የተለያየ ሰው ያስመስላል። የፓስፖርቱን አጻጻፍ ያዙና ሁሉም ቦታ እሱኑ ተጠቀሙ።

ውጤቱ ደግሞ አለ። የእኛ ልጅ አማካይዋ 84 ነበር። እዚህ 84 «ቢ» ነው፤ ማንንም አያስደንቅም። ግን እዚያው ካርድ ላይ ከ58 ተማሪ 2ኛ መውጣቷ ተጽፏል። ደረጃዋን ያየ ሰው 84ን በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ስለዚህ ውጤት ተተርጉሞ ወደ አሜሪካ ፊደል ሲቀየር ደረጃው እንዳይቀር። 12ኛን እዚያው ጨርሶ የመጣ ልጅ ካላችሁም እንደዚሁ ነው። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ዓመት 60 ከመቶ ያመጣ ልጅ እጅግ ጎበዝ ነው። ይህ ካልተነገረ ግን 60 ለአሜሪካዊ አንባቢ መውደቂያ አጠገብ ያለ ቁጥር ነው።

የእህቴ ልጅ 9ኛን የጀመረችው ደሴ ነው። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ከተማው ሲደርስ ትምህርት ተቋረጠ። አዲስ አበባ አክስቷ ጋ ገባችና ሁለተኛውን መንፈቅ ዓመት እዚያ ተማረች። ስለዚህ የ9ኛ ክፍል ውጤቷ ግማሹ ባዶ ነው። መጀመሪያ ልትደብቀው ፈልጋ ነበር። «ሰነፍ ይሉኛል» አለች። ኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) ላይ ግን ለዚሁ የተዘጋጀ ተጨማሪ መረጃ የሚጻፍበት ቦታ አለ። የጻፈችው ይህን ያህል ነው፦ «9ኛ ክፍልን ደሴ ጀመርኩ። ጦርነቱ ከተማችን ሲደርስ ትምህርት ቤታችን ተዘጋ። በየካቲት አዲስ አበባ ሌላ ትምህርት ቤት ገባሁ። እስከ 8ኛ ክፍል የተማርኩት በአማርኛ ነው።» በቃ። ልመና የለ፣ ሐዘን ማባዛት የለ። ቀንና ቦታ ብቻ።

ይህንኑ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለካውንስለሩም ስጡት። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው እሱ ነው፤ ልጁን ደግሞ ገና ዓመት አላወቀውም። የትኛው ክፍል የት እንደተማረ፣ በምን ቋንቋ፣ ለምን እንደለቀቀ። እኛ አገር የድጋፍ ደብዳቤ መምህርን መጠየቅ አልለመድንም፤ እዚህ ግን ነውር አይደለም። የጠየቀ ነው የሚያገኘው።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። አዲስ የመጣ ልጅ ኢሶል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ተማሪ የሚሰጥ የእንግሊዝኛ ትምህርት) ይገባል፤ እሱ ጥሩ ነው። ግን ኢሶል ገባ ተብሎ ሒሳቡም ሳይንሱም አብሮ ዝቅ ይላል። እሷ አዲስ አበባ የጨረሰችውን ሒሳብ እንደገና እንድትጀምር ነበር የመደቧት። ዝም ብንል ኖሮ 12ኛ ስትደርስ ካልኩለስ ሳትነካ ልታመለክት ነው። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች መጀመሪያ የሚያዩት ደግሞ ልጁ ከቀረበለት ውስጥ ከባዱን ኮርስ መውሰዱን ነው። ኢሶል ውስጥ መሆን ኤፒ (ሀይስኩል ውስጥ በኮሌጅ ደረጃ የሚሰጥ ኮርስ) ከመውሰድ አይከለክልም። ትምህርት ቤቱ በሒሳብ ፈትኖ እንዲመድባት ጠየቅን፤ ፈተኗት፤ ወደ ላይ ወጣች። ወላጆች፣ እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትቅሩ። ትምህርት ቤቱ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጁ ራሱ እንዲያስተረጉም አታድርጉ፤ የማይመቸውን ነገር ይዘለዋል።

ድርሰቱ ላይ ብዙ ሰዓት አብረን ተቀምጠናል። ገደቡ 650 ቃል ነው። የመጀመሪያው ሙከራዋ «ትምህርት እወዳለሁ፣ ሐኪም ሆኜ አገሬን አገለግላለሁ» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ ግን ሁሉም ልጅ ይጽፈዋል። ሻይ ስንጠጣ ስለ ባዮሎጂ ደብተሯ አወራችኝ። ደሴ መምህሩ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፍና በአማርኛ ያብራራ ነበር። እሷ ደብተሯን ለሁለት ከፍላ በግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኝ አማርኛውን ትይዛለች። ሜሪላንድ ስትደርስ ሚቶኮንድሪያን ታውቃለች፤ የእርሳስ መቅረጫ ለመጠየቅ ግን ቃል አጣች። አንድ ሙሉ ሳምንት በደነዘ እርሳስ ጻፈች። «ይህንን ነው የምትጽፊው» አልኳት። ሌላ ማንም ሊጽፈው አይችልም።

አማርኛውም ዋጋ አለው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲን ጨምሮ በብዙ ቦታ ሁለት ቋንቋ ለሚያውቅ ተማሪ ዲፕሎማው ላይ የሚለጠፍ የሁለት ቋንቋ ማኅተም አለ። በአማርኛ ተፈትኖ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ትምህርት ቤታችሁን ጠይቁ።

ፈተናን በተመለከተ፣ ሃርቫርድና ኤምአይቲ የመግቢያ ፈተናውን፣ ኤስኤቲ ወይም ኤሲቲን፣ መልሰው ግዴታ አድርገውታል። ነፃ ምሳ የሚያገኝ ልጅ የፈተናውን ክፍያ አይከፍልም፤ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻውም ይነሳለታል። ቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ይጠየቅ አይጠየቅ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ እዩ፤ በእንግሊዝኛ ለተማረ ብዙዎቹ ያነሱለታል።

ገንዘቡ አያስፈራችሁ። ከ2025 ጀምሮ ሃርቫርድ የቤተሰብ ገቢው 100,000 ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ ተማሪ ትምህርቱንም ማደሪያና ምግቡንም ይሸፍናል። ግሪን ካርድ ያለው ፋፍሳ (የፌዴራል መንግሥቱን የትምህርት ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ) ይሙላ፤ ብዙዎቹ የግል ዩኒቨርሲቲዎች ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የገንዘብ ድጋፍ ቅጽም ይፈልጋሉ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ካልተወሰነ ፋፍሳ አይሠራላችሁም፤ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ግን ዜግነት ሳይለዩ የሚያስፈልገውን ሙሉ ድጋፍ ይሰጣሉ። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውን ጎበዝ ተማሪዎች ከትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የሚያገናኘው ክዌስትብሪጅም እዚህ ሀይስኩል የሚማርን ልጅ በዜግነት አይለይም፤ ማመልከቻው የሚዘጋው በመስከረም ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። ኡበር የምትነዱ ወላጆች ታክሳችሁን በጊዜ ፋይል አድርጉ፤ ሁሉም ቅጽ የሚጠይቀው እሱን ነው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ከመደበኛው ጊዜ ቀድሞ የሚገባው ማመልከቻ በአብዛኛው የሚዘጋው ኖቬምበር 1 ነው። እኛ የደሴውን ትራንስክሪፕት ያስፈለግነው በነሐሴ ነበር። ትምህርት ቤቱ ክረምት ዝግ ነው፤ ሬከርድ ቢሮ ሰው የለም። የእናቷ ጎረቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ መስከረም ላይ የቢሮውን ሠራተኛ አገኘው። እናንተ ሰኔ ሳያልቅ ሰው ላኩ። አንድ ሳይሆን አራት ቅጂ አስወጡ፤ እያንዳንዱ በታሸገ ፖስታ፣ ማኅተሙ የፖስታው መዝጊያ ላይ ያረፈ ይሁን።