መኪናዋ ፊቷ ሲከብድ፦ ከፊት ቦዲ ላይ ክብደት እንዴት ይቀነሳል?

ኩርባ ላይ መሪውን ታዞራላችሁ፤ መኪናዋ ግን ቀጥ ብላ መሄድ ያምራታል። በፊት ጎማ የሚነዱ ትንንሽ መኪኖች አብዛኞቹ ይህ ጠባይ አላቸው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩ፣ ባትሪው፣ ሁሉም ፊት ላይ ነው የተከመረው። ከጠቅላላው ክብደት 60 በመቶ ያህሉ በፊት ጎማዎች ላይ ቢያርፍ አይገርምም።

ብዙ ሰው መፍትሄው ቀላል ኮፈን መግዛት ይመስለዋል። ኮፈኑ ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ሚዛን።

መዝኑ

የጭነት መኪና የሚመዘንበት ሚዛን ፈልጉ። የፊት ጎማዎቹን ብቻ ሚዛኑ ላይ አውጡና ቁጥሩን ጻፉ። ቀጥሎ መኪናዋን ሙሉ በሙሉ አውጧት። የፊቱን ለጠቅላላው አካፍሉ፤ መነሻችሁ ያ ነው። ነዳጁ ስንት እንደነበረም ጻፉ፣ በኋላ ስትመዝኑ እኩል መሆን አለበት። ትልልቅ ሚዛኖች በ10 ወይም በ20 ኪሎ ስለሚዘሉ ትንሽ ለውጥ አያሳዩም። ለተፈታ ዕቃ የሰው ሚዛን ይሻላል፦ ዕቃውን አቅፋችሁ ውጡ፣ ከዚያ የራሳችሁን ኪሎ ቀንሱ። ኮፈን አቅፎ ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ቁጥሩን ማየት አይችልም፤ የሚያነብላችሁ ሰው ጥሩ።

የተጨመረውን አውልቁ

ከሁሉም በፊት መውረድ ያለበት ፋብሪካው ያላሠራው ዕቃ ነው። ፓራውልቱ ፊት የታሰረ የብረት ጋርድ፣ ተጨማሪ ባውዛ፣ ከባድ ጥሩምባ። ምክንያቱ ክብደቱ ብቻ አይደለም፣ ቦታውም ነው። ከፊት ጎማው መሃል አልፎ ወደፊት የተንጠለጠለ ዕቃ እንደ ሚዛን እንጨት ይሠራል፦ ፊቱን ሲጫን ኋላውን ያነሳል።

በቁጥር እንየው። በአውሮፓ አቆጣጠር የ1990ዎቹ ኮሮላ ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል 2.465 ሜትር ነው። መኪናዋ ከነጋርዷ 1,050 ኪሎ ናት እንበል፤ ፊቷ ላይ 640 አርፏል፣ ማለትም 61 በመቶ። ጋርዱ 25 ኪሎ ሆኖ ከፊት ጎማው መሃል 75 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ተንጠልጥሏል። 25ን በ0.75 አባዙ፣ ለ2.465 አካፍሉ፤ 7.6 ኪሎ ይመጣል። ስለዚህ ጋርዱ ሲወልቅ ፊቱ የሚቀለው 25 ሳይሆን 32.6 ኪሎ ነው፤ 7.6ቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፊቷ ወደ 59.3 በመቶ ወረደ። ወጪው አንድ ቁልፍና የግማሽ ቀን ላብ።

ጋርዱን ስትፈቱ ከፓራውልቱ ፕላስቲክ ጀርባ ያለውን የፋብሪካ ብረት እንዳትነኩት። ግጭት ሲመጣ ኃይሉን የሚቀበለው እሱ ነው። እሱን አውልቆ "አቀለልኳት" የሚል ሰው አይቻለሁ፤ ምክሩን አትቀበሉ።

ኮፈንና ፓራፋንጎ

ይህን መላ ፋብሪካዎቹም ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ኒሳን ስካይላይን ጂቲ-አር ኮፈኑና የፊት ፓራፋንጎዎቹ አሉሚኒየም ነበሩ። ቢኤምደብሊው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው 5 ሲሪዝ የፊቱን ክፍል፣ ውስጡን ጭምር፣ በአሉሚኒየም ሠርቶ ከኋላው ብረት ጋር በማጣበቂያና በሪቬት አያያዘው።

ለኛ ኮሮላ 16 ኪሎ የብረት ኮፈን በ8 ኪሎ ፋይበር ብንቀይር ምን እናገኛለን? የኮፈኑ መሃል ከሞላ ጎደል ከፊት ጎማው በላይ ስለሆነ 8 ኪሎ ብቻ። ከ59.3 ወደ 58.9 በመቶ። ለከፈላችሁት ገንዘብ ትንሽ ነው።

ልቀይር ካላችሁ ግን እንዲህ አድርጉ። ኮፈኑን ለሁለት ሆናችሁ ፍቱ፤ የማጠፊያውን ቦታ አስቀድማችሁ በማርከር ምልክት አድርጉበት፣ አለዚያ ሲገጠም ክፍተቱ ይንሻፈፋል። የመስታወት ውሃ መርጫውን ቱቦ ንቀሉ። አዲሱን ስትገጥሙ ሁሉንም ብሎን በእጅ አስይዙ፣ ክፍተቱን አስተካክሉ፣ ያኔ አጥብቁ። ፋይበር ከሆነ በፋብሪካው መቆለፊያ ብቻ አትመኑ። ከፊት ሁለት የኮፈን ፒን (ኮፈኑን ከላይ የሚቆልፍ ዘንግ) ጨምሩ፤ በፍጥነት መንገድ ላይ ንፋስ የገለበጠው ኮፈን መስታወቱ ላይ ነው የሚያርፈው። የፋብሪካ ኮፈን በግጭት ጊዜ መሃሉ ላይ እንዲታጠፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ርካሽ ፋይበር ይህ ላይኖረው ይችላል።

አሉሚኒየም ከብረት ጋር በቀጥታ ከተነካካ እርጥበት ሲያገኘው ይበላል። በመሃላቸው የፕላስቲክ ወይም የጎማ ሮንዴላ (ዋሸር) አድርጉ፣ የተቦረቦረውን ቀለም ቀቡ። ክረምት ላይ መንገዱ ጨው በሚበተንበት ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ያላችሁ ይህን እንዳትዘሉት።

ባትሪው

ቦዲ ባይሆንም ሂሳቡ ስለሚጣፍጥ ላንሳው። 14 ኪሎ ባትሪ 3 ሜትር ወደ ኋላ፣ ወደ ዕቃ መጫኛው ቢሄድ ከፊቱ 17 ኪሎ ይነሳል። አንድ ግራም ሳንቀንስ 57.3 በመቶ ደረስን። ኮፈኑን በእጅጉ አስከነዳው። ግን ሥራው የኤሌክትሪሻን ነው፦ ወፍራም ገመድ፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ፣ ጋዙ ወደ ውጭ የሚወጣበት የተዘጋ ሳጥን። ይህን ሳታሟሉ ባትቀይሩት ይሻላል።

ከዚያስ?

ፊቷ ሲቀል ሞላው ትንሽ ይነሳል፣ መብራቱም ወደ ላይ ያያል። ከፊት የሚመጣውን ሾፌር እንዳታሳውሩ መብራቱን አስተካክሉ፣ አላይመንትም አስደርጉ። ደግሞ 50 በ50 ካልሆነ ብላችሁ አትድከሙ። በፊት ጎማ የምትነዳ መኪና ዳገት የምትወጣው ፊቷ ላይ ባለው ክብደት ነው፤ እርጥብ የእንጦጦ ዳገት ላይ ጎማው የዞረበት ሰው ያውቀዋል።

የድሮውን ኮፈን አትሽጡት። በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ አቁሙት፣ ብሎኖቹን በፌስታል አድርጋችሁ እዚያው እሰሩ። ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ ወይም መኪናዋን ስትሸጡ ሊፈለግ ይችላል።