ባክቴሪያ ከጨው ጋር እንዴት ይኖራል? በካሮት የሚሰራ የቤት ሙከራ

ከድሬዳዋ ጅቡቲ በባቡር ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የባሕር ዳርቻ ባክቴሪያ ጨውን እንዴት እንደሚቋቋም ለመረዳት ግን እዚያ ድረስ መውረድ አያስፈልግም፤ ከቀፊራ ገበያ የተገዛ ካሮትና የወጥ ጨው ይበቃል። በካሮት ልጣጭ ላይ የሚኖሩት ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች (ምግብ የሚያኮመጥጡት) የባሕር ባይሆኑም ጨው ሲበዛባቸው የሚወስዱት እርምጃ ከባሕሮቹ ጋር በጣም ይቀራረባል።

መጀመሪያ የቧንቧ ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙ። የድሬ ውሃ ካልሲየም ስለሚበዛበት ሲፈላ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። ላዩን ብቻ ይቅዱ፤ አለበለዚያ በኋላ የሚያዩት ድፍርስ የባክቴሪያ ይሁን የዝቃጭ አይለይም።

ሦስት ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ ግማሽ ግማሽ ሊትር ይጨምሩ። አንደኛው ጨው አይገባበትም። ሁለተኛው 3 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ይግባበት፤ ይህ በሊትር 35 ግራም ገደማ ከሆነው ከባሕር ውሃ ጋር ይመጣጠናል። ሦስተኛው 9 ማንኪያ።

ካሮቱን አፈሩ እስኪለቅ ብቻ ያለቅልቁት። አይላጡት፤ የምንፈልገው ባክቴሪያ ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ከትፈው እኩል ያካፍሉ፣ ክዳኑን አላልተው ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። ጋዝ ስለሚፈጠር ክዳኑ ፈጽሞ አይጠበቅ።

በድሬ ሙቀት ለውጡ በሁለት ሦስት ቀን ይጀምራል። ሁለተኛው ይደፈርሳል፣ አረፋ ያወጣል፣ ይኮመጥጣል። ጨው የሌለው ብዙ ጊዜ መጥፎ ሽታ ያመጣል። ሦስተኛው ረጅም ጊዜ ጥርት ብሎ ይቆያል። አንዱንም አይቅመሱ።

ጨው የሚጎዳው የሕዋሱን ውሃ ወደ ውጭ ስቦ ስለሚያደርቀው ነው። ባክቴሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ፖታሲየም ወደ ውስጡ ያስገባል፤ ውስጡ ሲወፍር ውሃው ይመለሳል። ፖታሲየም ከበዛ ግን ለብዙዎቹ ፕሮቲኖች አይመችም። ስለዚህ ቀስ በቀስ እንደ ግላይሲን ቤታይን ባሉ የሕዋሱን ሥራ በማያውኩ ሞለኪውሎች ይተካዋል። ጨው ወዳድ የሆኑ ብዙ ባክቴሪያዎች ኤክቶይን የሚባለውን ራሳቸው ይሰራሉ፤ ላክቲኮቹ ግን በአብዛኛው ከአካባቢያቸው ይለቅማሉ።

ከሁሉ የምወደው ቀጣዩ ደረጃ ነው። ሁለት አዲስ ሃይላንድ ውስጥ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ 6 ማንኪያ ጨውና የተቀቀለ ካሮት ያድርጉ። መቀቀሉ የካሮቱን ባክቴሪያ ለመግደል ነው። በአንዱ ላይ ጨው ከሌለው፣ በሌላው ላይ ከሁለተኛው አንድ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ያፍሱ። የቱ ቀድሞ ይደፈርሳል? ከጨው የመጣው ቀድሞ ቢነሳ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፦ ሕዋሶቹ አስቀድመው ተዘጋጅተዋል፣ ወይም ጨው የማይችሉት ዝርያዎች ቀድመው ተወግደዋል። ይህ ሙከራ ሁለቱን አይለይም፤ በባሕር ዳርቻም ሁለቱም አብረው ይሰራሉ።

እዚያ ሌላ ፈተናም አለ፤ ጎርፍ ገብቶ ጨውን በድንገት ያቀጥነዋል። ያን ጊዜ ሕዋሱ ውሃ ስቦ እንዳይፈነዳ በሽፋኑ ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ተከፍተው ያጠራቀመውን ይለቃሉ። ይህን በዓይን ማየት አይቻልም።

ሲጨርሱ ፈሳሹን ሽንት ቤት ይድፉት እንጂ አትክልት ሥር አይድፉት፤ ጨዉ አፈሩን ይጎዳል።