ሁሉን ኮል የሚል ሰው ላይ ብለፍ ልቀጥል ወይስ ልተው?

ቴክሳስ ሆልደም (የፖከር ካርታ ጨዋታ) ስትጫወቱ በማንኛውም ካርታ የሚገባ፣ ያስገባችሁትን ሁሉ ኮል የሚል (እኩል የሚከፍል)፣ ፎልድ (ካርታ መጣል) የሚባል ነገር የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እሱ ላይ ብለፍ፣ ማለትም የማይረባ ካርታ (ባዶ እጅ) ይዞ ቺፕ በማስገባት አስፈራርቶ ማስጣል፣ ያዋጣል ወይ? መጀመሪያ ሂሳቡን ስሩ፣ ፖቱ (መሃል የተሰበሰበው) ላይ 100 ቺፕ ካለና እናንተ በባዶ እጅ 50 ካስገባችሁ ሰውዬው ከ3 ጊዜ ቢያንስ 1 ጊዜ መጣል አለበት፣ 100 ካስገባችሁ ደግሞ ግማሹን ጊዜ፣ አለዚያ ኪሳራ ነው። ስለዚህ ሪቨር (ጠረጴዛው ላይ የሚገለጠው አምስተኛና የመጨረሻ ካርታ) ላይ ምን ይዞ ኮል እንዳለ እዩ፤ በትንሿ ጥንድ ሁለት ሦስቴ ከከፈለ በቃ ተዉት። እኔ "አሁንስ ይፈራል" እያልኩ ሦስቴ ተከታትዬ ተበልቻለሁ፣ ለካ ሰውዬው የኔን እጅ ምን ሊሆን ይችላል ብሎ አያስብም፣ የራሱን ካርታ ብቻ ነው የሚያየው፣ የማያስብን ሰው ደሞ በምን ታስፈራራዋለህ?

በብዙ አይነት ካርታ ገብቶ ፍሎፕ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት ካርታዎች) ካልመታለት ቶሎ የሚጥል አይነትም አለ፣ እሱ ላይ አንዴ ሞክሩ፣ ኮል ካለ ግን አትድገሙ። ተርን (አራተኛው ካርታ) ላይ ፍላሽ (ምልክታቸው አንድ የሆነ አምስት ካርታ) ለመሙላት አንድ ካርታ ከቀራችሁ ሪቨር ላይ የመምጣት እድሉ 20 በመቶ ገደማ ስለሆነ ብለፋችሁን ኮል ቢልም ቢያንስ መውጫ አላችሁ። ሦስት ሰው ካለበት ግን ብለፉን እርሱት። ጥሩ እጅ ሲመጣ ደሞ ከወትሮው ጨምራችሁ አስገቡ፣ ሁሉን ኮል የሚለው ሰው ይከፍላችኋል።