በየሳምንቱ በሚወጡ መልመጃዎች የቻርትና የሪፖርት ሥራን እንዴት መለማመድ ይቻላል

ከዳታ ቻርትና ሪፖርት የሚሠራባቸው ሶፍትዌሮች፣ ታብሎም ሆነ ፓወር ቢአይ፣ በቪዲዮ ሲያዩዋቸው ቀላል ይመስላሉ፤ ባዶ ገጽ ከፊት ሲደቀን ግን ከየት እንደሚጀመር ግራ ያጋባል። በየሳምንቱ የሚወጡት ነፃ መልመጃዎች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው፤ ዳታው ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ጥያቄው ግልጽ ነው፣ ሌሎች የሠሩትንም ከፍቶ ማየት ይቻላል።

የትኛውን ልጀምር?

በደንብ የታወቁት ሦስት ናቸው። አንዲ ክሪበል እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረው ሜክኦቨር መንደይ አንድ የታተመ ቻርት ከነዳታው ይሰጥና አሻሽላችሁ ሥሩት ይላል። ከ2018 ጀምሮ ያለው ታይዲ ቱስደይ አር (R) ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ተጠቃሚዎች የመጣ ሲሆን ዳታውን ብቻ ሰጥቶ ጥያቄውን ለእናንተ ይተዋል። በ2017 የተጀመረው ወርክአውት ዌንስደይ ደግሞ ያለቀ ዳሽቦርድ (ቻርቶች በአንድ ገጽ የተሰበሰቡበት ሪፖርት) አሳይቶ ቁጥሩም መልኩም ሳይዛነፍ መልሳችሁ እንድትሠሩት ይጠይቃል።

ለጀማሪ የሚሻለው የመጨረሻው ነው፤ መልሱ የታወቀ ስለሆነ ስህተታችሁ ወዲያው ይታያል። ነፃነት በሚሰጠው መልመጃ የጀመረ ሰው ግን ያማረ ሆኖ ቁጥሩ የተሳሳተ ቻርት ሠርቶ ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል። የዚህ ሳምንት መልመጃ ከከበዳችሁ ከቀደሙት ዓመታት ቀላሉን ምረጡ።

ታብሎ ፐብሊክ ነፃ ነው፤ በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕም ነፃ ነው፤ የሚሠራው ግን በዊንዶውስ ብቻ ነው። ታብሎ ፐብሊክ ላይ የምትለቁት ሥራ ለማንም ሰው ክፍት ስለሆነ የመሥሪያ ቤት ወይም የደንበኛ ዳታ በፍጹም አታስገቡበት።

1. ዳታውን ከመልመጃው ገጽ አውርዱ

ብዙ የወርክአውት ዌንስደይ መልመጃዎች የሚሠሩት ሱፐርስቶር በሚባለው የናሙና ሽያጭ ዳታ ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ ያለውን ሱፐርስቶር አትጠቀሙ፤ ከአንዱ የታብሎ ቅጂ ወደ ሌላው ቁጥሩና ቀኑ ስለሚለያይ ቀመራችሁ ትክክል ሆኖ ሳለ ድምሩ እምቢ ይላችኋል።

2. መጀመሪያ ሰንጠረዥ፣ ቀጥሎ ቻርት

ቻርቱን ከመንካታችሁ በፊት ቁጥሮቹን በተራ ሰንጠረዥ አውጡና ከዋናው ዳሽቦርድ ጋር አስተያዩ። የትርፍ መቶኛ ካለ ልዩ ጥንቃቄ ያሻል። ለምሳሌ አንዱ ዕቃ በ100 ብር ተሸጦ 50፣ ሌላው በ900 ብር ተሸጦ 90 ብር አተረፈ እንበል። የየረድፉን መቶኛ አስልታችሁ አማካይ ካወጣችሁ 50 እና 10 ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል 30 በመቶ ይሰጣችኋል። ትክክለኛው ግን ጠቅላላ ትርፍ ለጠቅላላ ሽያጭ፣ ማለትም 140 ለ1000፣ 14 በመቶ ነው። መጀመሪያ ደምሩ፣ ከዚያ አካፍሉ።

3. ፊልተርና መቶኛ ሲጋጩ

አብዛኛው ሰው የሚቆምበት ቦታ ይህ ነው። ጠቅላላ ሽያጩ 1000 ነው እንበል፤ ቴክኖሎጂ 400፣ ፈርኒቸር 350፣ የቢሮ ዕቃ 250። የቴክኖሎጂ ድርሻ 40 በመቶ ነው። የቢሮ ዕቃን በፊልተር ስታወጡ ታብሎ በፈጣን ምርጫው የሚያሰላው የጠቅላላ ድርሻ ወደ 53 በመቶ ይዘላል፤ ምክንያቱም አካፋዩ 750 ሆኗል። 40 በመቶው እንዳይነቃነቅ ከተፈለገ ጠቅላላውን ፊክስድ (FIXED) በሚባለው፣ ተራ ፊልተር በማይነካው የታብሎ ቀመር ማስላት ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። ሪጅን (የሽያጭ አካባቢ) የሚል ፊልተር ጨምራችሁ ምሥራቅን ብትመርጡ፣ የምሥራቅ ሽያጭ 300፣ ከዚያ ውስጥ ቴክኖሎጂ 90 ከሆነ፣ የምትጠብቁት 30 በመቶ ነው። የሚወጣው ግን 9 በመቶ ነው። ታብሎ ፊክስድን የሚያሰላው ተራው ፊልተር ከመድረሱ በፊት ስለሆነ አካፋዩ አሁንም 1000 ነው። መፍትሔው ሪጅን የሚለውን ፊልተር በቀኝ ክሊክ ወደ ኮንቴክስት ማስገባት ነው፤ ያኔ ከፊክስድ ይቀድማል። ፊልተሩ ግራጫ ሲሆን ገብቷል ማለት ነው። ሁሉንም ፊልተር ግን ወደ ኮንቴክስት አትክተቱ፤ የቢሮ ዕቃን ያወጣችሁበት የዕቃ ምድብ ፊልተር ከገባ ወደ 53 በመቶው ትመለሳላችሁ።

በፓወር ቢአይ ይኸው ጥያቄ ኦል (ALL) እና ኦልሰሌክትድ (ALLSELECTED) በሚባሉት ፈንክሽኖች መካከል ያለ ምርጫ ነው። የመጀመሪያው ተጠቃሚው የመረጠውን ጭምር ይጥላል፤ ሁለተኛው ያከብረዋል። የትኛው እንደሚያስፈልግ የሚወስነው የሪፖርቱ ጥያቄ ነው፦ ድርሻው ከሁሉም ነው ወይስ ከተመረጠው?

4. መልኩን አስተካክሉ፣ መልሱንም እዩ

የባር ቻርት መነሻ ዜሮ ይሁን። ሁሉንም ግራጫ አድርጋችሁ ሊታይ የሚገባውን በአንድ ቀለም አጉሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተጣበቃችሁ የሌላ ሰው ሥራ አውርዳችሁ ቀመሩን ክፈቱ፤ ከዚያ ዝጉትና ከባዶ ገጽ ራሳችሁ ጻፉት። መገልበጥ ብቻውን እጅን አያስተምርም።

5. በዚያው ሳምንት በራሳችሁ ዳታ ድገሙት

ኢትዮጵያ ውስጥ ሪፖርት የምትሠሩ ከሆነ የዘመን አቆጣጠሩ ያስቸግራል፤ ታብሎና ፓወር ቢአይ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያነቡት። ከዓመቱ 8 መቀነስም አይሠራም፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ 7 ነው። የሚያስተማምነው የቀን ሰንጠረዥ በኤክሴል ማዘጋጀት ነው፦ የፈረንጅ ቀን፣ የኢትዮጵያ ዓመት፣ የወር ስም፣ የበጀት ዓመትና የወሩ ተራ ቁጥር። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ለሐምሌ፣ ለነሐሴና ለጳጉሜን በዓመቱ ላይ 1 ይደመራል፤ ሐምሌ 2017 የ2018 በጀት ዓመት ነው። ሐምሌን 1 ብላችሁ ቁጠሩና የወሩን ስም በዚያ ተራ ቁጥር አስደርድሩት፤ አለዚያ ወራቱ በፊደል ተራ ይሰለፋሉ።

ጳጉሜን 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስለሆነ ለብቻው ከተቀመጠ መስመሩ ቁልቁል ይወርድና ሽያጭ የወደቀ ያስመስላል። ከነሐሴ ጋር ደምሩትና በቻርቱ ላይ «ነሐሴና ጳጉሜን» ብላችሁ ጻፉ።